ለሠርግ የተቀመጠው ቤንዚን

መሳፍንት ልጅ ሳለ፣ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ በእጅ የምትዘወር የነዳጅ መቅጃ ነበረች። ቀጂው እጀታዋን ወዲያና ወዲህ ሲያላጋው ቤንዚኑ በመስታወቷ ውስጥ እየተንፎለፎለ ይወጣል። ሽታው ከሩቅ አፍንጫን ይነክሳል፤ ዓይንን ያስለቅሳል፤ መሬት ላይ የፈሰሰውም ዞር ብለህ ሳትመለስ ብን ብሎ ይጠፋል። ልጁ አድጎ ሠላሳ አንድ ዓመት በመካኒክነት ቢኖርም፣ ስለ ቤንዚን የመጀመሪያውን ትምህርት ያገኘው ከዚያች መቅጃ ነው። ጥሩ ቤንዚን ነክሶ ይጠፋል፤ የቆየ ቤንዚን ግን የቀለም ቆርቆሮ ይሸታል፤ አልጠፋም ብሎም ይቀራል።

በዚህ ዓመት የካቲት ውስጥ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ያንኑ ትምህርት ይዞ፣ ደሙ እየፈላ ከመሪጌታ ፍቅረ ሥላሴ ቤት መደብ ላይ ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ የቆርቆሮና የሚስማር ነጋዴው ታዲዮስ አለ። በር ሥር የታዲዮስ እናት እትዬ ደብሪቱ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ አንዲት ቢጫ ጀሪካን እግራቸው ሥር አኑረው ቁጭ ብለዋል። መሪጌታ ለዕርቅ ነው የጠሯቸው።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ግንቦት ነው። ታዲዮስ፣ አማኑኤል ከተማ ካለው ሱቁ ደብረ ማርቆስ ወዳለው ቤቱ በየቀኑ የሚመላለስባት ሁለት በር ያላት ቀይ ስፖርት መኪና አለችው። አንድ ቀን ጋራዡ ድረስ እየሳቀ መጣ።

«ጋሼ መሳፍንት፣ ሱፐር ቤንዚን አገኘሁ! ከወደብ የሚመላለስ ሾፌር ነው ያመጣልኝ። በእጥፍ ዋጋ፣ ግን ምን ቸገረኝ፤ እንደ ንስር ትበርልኛለች።»

መሳፍንት የነዳጅ መክደኛዋን ከፈተና ከውስጥ የተለጠፈችውን ወረቀት በጣቱ መታ። «ተራው ይበቃታል ይላል። የሠራት ሰው ካንተ ይበልጥ ያውቃታል። ሱፐር ማለት ጉልበተኛ ማለት መሰለህ? ታጋሽ ማለት ነው። አንዳንድ ሞተር ነዳጁን ጨምቆ ያስጨንቀዋል፤ ያን ጊዜ ያለ ሰዓቱ እንዳይነድ ሱፐሩ ይታገሣል። ያንተዋ አታስጨንቀውም፤ ትዕግሥቱን ለማን ልትገዛው ነው?»

«እንግዲያው ለአርሴማ ሠርግ ይሁን» አለ ታዲዮስ። አርሴማ እህቱ ናት፤ ሠርጓም ለጥር ተቆርጦ ነበር።

እትዬ ደብሪቱ ደግሞ መልካም ነገር ሁሉ ለድግስ ይቀመጣል ተብለው ያደጉ ናቸው። ማኛው ጤፍ፣ ማሩ፣ ቅቤው ሁሉ ተራውን የሚጠብቀው በጓዳቸው ነው። ጀሪካኗንም እዚያው አስገብተው፣ ክዳኗ ቢጠፋባቸው አፏን በጨርቅ ወትፈው፣ ቅቤው ቤንዚን ቤንዚን እስኪል ድረስ ስምንት ወር ጠበቋት።

ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው መሳፍንት የመኪናዋን ካንዴላዎች፣ ነዳጁን የሚለኩሱትን፣ ቀየረ። በሠርጉ ማለዳ ታዲዮስ ተራውን ከመኪናዋ አስወጥቶ ሱፐሩን ሞላ። አማኑኤል መግቢያ ላይ ስትደርስ መኪናዋ ሳለች፤ ደጋግማ ሳለችና ቀጥ አለች። ሙሽራዪቱ ቬሏን ሰብስባ በባጃጅ ገባች። ታዲዮስም ድንኳን መሐል ቆሞ፣ «መካኒኩ ደህናውን ካንዴላ ነቅሎ አሮጌ ከተተብኝ! ሌባ ነው!» አለ።

ከዚያ ወዲህ የመሳፍንት ጋራዥ ጭር አለ። ሃያ ዓመት ደንበኛው የነበረ የቁይ ከተማ ሾፌር እንኳ ሳያየው እንዳለፈ ሆኖ አለፈው። ሰው ስም ካጣ መፍቻው ምን ይፈታል?

«ታዲዮስ፣ እስኪ ተናገር» አሉ መሪጌታ።

«ያልኩትን ብያለሁ፣ የኔታ። ሐሙስ ነካት፤ እሑድ ቆመች።»

«ነካት!» የመሳፍንት ድምፅ ጣራውን መታ። «ላም ናት እንዴ በዓይኔ የምነካት? ካንዴላውን ከነካርቶኑ ያመጣኸው አንተ! ስገጥመው ራስጌዬ ቆመህ ያየኸው አንተ! ሌባ ያልከኝ በየትኛው አፍህ ነው?»

«ቀስ፣ ቀስ! ልጅ መሳፍንት፣ ያ ታጋሽ የምትለው ቤንዚን ላንተ ሳያስፈልግህ አይቀርም» አሉ መሪጌታ።

እትዬ ደብሪቱ ነጠላቸው ውስጥ ሳቁ። መሳፍንት ግን አልሳቀም። ሁለት ነጭ ሳህን አስመጣ፤ በቤቱ የሚጨሰውን ከሰል ወደ ውጭ አስወጣ፤ መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፈተ። በአንዱ ሳህን ያን ዕለት ከማደያ በላስቲክ ጠርሙስ ያስቀዳውን ጠብ አደረገ። በሌላው ከጀሪካኗ ግርጌ የተረፈውን። መሪጌታ ዳዊታቸውን ዘርግተው ሦስት መዝሙር ደገሙ፤ አራተኛውን ሳይጀምሩ የፊተኛው ሳህን ደርቆ ነጭ ሆነ። በሁለተኛው ላይ ቢጫ ነገር ተንጣሎ ቀረ፤ ቤቱም አዲስ የተቀባ በር ሸተተ። መሪጌታ በጣታቸው ነኩት።

«በስመ አብ! እንደ ሙጫ ይይዛል!»

«የእህትህን ጉዞ ያቆመው ይኸው ነው» አለ መሳፍንት። «ግንቦት ላይ ሱፐር ነበረ። ጥር ላይ አተላ ነው። ቤንዚን ጠጅ አይደለም፤ ሲከርም አይጥምም!»

ታዲዮስ ሳህኑን አየ፤ ከዚያ ወደ በሩ ዞረ። «እማዬ! አንቺ ነሻ ያበላሸሽው! አፉን በጨርቅ...»

«በእናትህ ላይ አታሳብብ!» አለ መሳፍንት። « እሳቸው ጠብቂ ያልካቸውን ጠበቁ። የማይቀመጥ ነገር ያስቀመጥክ አንተ!»

እትዬ ደብሪቱ አንገታቸውን ደፉ። ታዲዮስ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በሉ እንግዲህ፣ ያለፈው አለፈ። እኔም ለእግዜር ብዬ ትቼዋለሁ። ይቅር ብዬሃለሁ፣ ጋሼ።»

«አንተ? እኔን?» መሳፍንት ከመደቡ ተነሣ። «ድንኳን ሙሉ ሰው የሰማውን እዚህ በአራት ሰው ልትቀብረው! ያኔ የነበረው ማኅበርተኛ አሁን ደጀ ሰላም ተሰብስቧል። ሂድና እዚያ ተናገር!»

«ምን ብዬ? ቤንዚን ያስረጀ ነጋዴ ይበሉኝ? መሳቂያ ልሁን?»

«እኔስ ሌባ ልባል?»

«ልጆቼ፣ ግድ የለም፣ እዚሁ በጓዳ ታረቁ» አሉ መሪጌታ መስቀላቸውን አንሥተው።

«የኔታ፣ በአደባባይ የተገፈፈ በጓዳ አይለብስም!»

መሪጌታ መስቀላቸውን አወረዱ። ታዲዮስ ጫማውን ያያል።

ያን ጊዜ እትዬ ደብሪቱ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። ነጠላቸውን አጣፉ፤ ጎንበስ ብለው ጀሪካኗን በእጀታዋ አነሡ።

«እማዬ፣ ወዴት ነው?»

በሩን ከፈቱ።

«ደብሪቱ፣ ሳልመርቅሽ?» አሉ መሪጌታ።

ምርቃቱንም አልጠበቁም። በሩን አልፈው ወጡ። መሳፍንት በተከፈተው መስኮት ሲመለከት፣ ቢጫዋ ጀሪካን ከነጩ ነጠላ ሥር ወዲያና ወዲህ እያለች ወደ ደጀ ሰላሙ ትገሠግሣለች።