በመቻራ የተቀዳው ጠዋት

እናቴ ዓይኗን ታክማ ጭሮ እኔ ዘንድ ያረፈች ሰሞን አንዱ ዓይኗ ተሸፍኖ ነበር፤ ሌላው ከድሮም ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለየው። ሥራ ስሄድ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ መንገዱን ታዳምጣለች።

«የዚህ ከተማ ድምፅ ሁሉ ባጃጅ ነው» አለችኝ አንድ ቀን። «ቤቴ ጠዋት ጠዋት ምን እንደሚል እየረሳሁ ነው።»

እኔ የግብርና መረጃ ሰብሳቢ ነኝ። በዚያው ሳምንት ቡና ገበሬዎችን ላነጋግር መቻራ ተላክሁ። እናቴ ቤት አድሬ፣ ሲነጋጋ የሥራ ታብሌቴን አጥሩ ላይ አስደግፌ ድምፅ መቅጃውን ከፈትኩ። ጉም ግቢውን ሞልቶታል። ዛፉም ሰውም አይታይም፤ ድምፅ ብቻ ከነጩ ውስጥ ብቅ እያለ ያልፋል። ቤቱንና ያረገዘችውን ላማችንን የምትጠብቀው ጎረቤታችን ከአንዲት መንገደኛ ጋር በኦሮምኛ «ነጋ? ነጋ» እያሉ ሰላም ይባባላሉ። ነቅቼ ይሁን ተኝቼ ሳይታወቀኝ ብዙ ቆምኩ።

ጭሮ ስመለስ ቅጂውን በሚሞሪ ካርድ ወደ እናቴ ስልክ ገለበጥኩት። ታብሌቱ ልሙጥ መስታወት ነው፤ ጣቷ የሚይዘው ነገር የለም። የእሷ ስልክ ግን ባለ ቁልፍ ነው፣ በዳበሳ ታውቀዋለች። ተጫነችው። ዝም። ስክሪኑ ላይ ፎርማቱን አላውቀውም የሚል ጽሑፍ መጣ።

«ምን አለ?»

«አልገባኝም አለ፣ እማዬ።»

«ኦሮምኛ ስለሆነ ነው?»

ሳቄ አመለጠኝ። የፋይሉን ስም መጨረሻ አጥፍቼ «ኤምፒስሪ» ብዬ ጻፍኩበት፤ አሁንም ዝም። በማግስቱ መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር የምትጽፍ ሴት ዘንድ ወሰድኩት።

«ስሙን እንጂ ውስጡን መቼ ቀየርሽው?» አለችኝ። «ታብሌትሽ የሚቀዳው በሌላ ዓይነት ነው፤ ይሄ ስልክ ደግሞ ኤምፒስሪ ካልሆነ አያጫውትም።» በኮምፒውተሯ ለወጠችልኝ።

ከሰዓት በኋላ እናቴ ስልኩን ጆሮዋ ሥር አድርጋ ጋደም አለች። አጠገቧ ተኛሁ። ክፍሉ ቀስ በቀስ ጉም የሞላው መሰለኝ። በሳሉ ብቻ አላፊውን ትለያለች፤ «ይሄ ባለ ወፍጮው ነው» ትላለች፣ ፈገግ ትላለች። ድንገት ቀና አለች።

«ላሚቱ! ሰማሽ?»

ከሩቅ እንደ ማቃሰት ያለ ነገር ነበር፤ እኔ ልብም አላልኩት።

«ቀኗ ገና ነው ብለሽ የለ?»

«ተሳስቻለሁ። ይሄ የምጥ ድምፅ ነው። ደውይ!»

ጎረቤታችን ስልኩን እንዳነሳች ጠየቅኳት። እናቴም እንድትሰማ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረግኩት።

«አንቺ የሄድሽ ዕለት ወለደች። እናትሽ ከነሕመሟ ተነስታ እንዳትመጣ ብዬ ነው የደበቅኩት። ማን ነገራችሁ?»

«ራሷ ላሚቱ» አለች እናቴ። «ጥጃውስ?»

«ሴት ናት። ቀይ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት።»

«አልሐምዱሊላህ።»

እናቴ ትራሱ ላይ ተመልሳ ተኛች። ጣቷ ብርድ ልብሱ ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ አንድ ትንሽ ግንባር የምትዳብስ ይመስላል።