የአንድ ባል ሚስቶች

የሴቶች ኅብረት መሪያችን ባሏ ወደ ቴፒ ተዛውሮ አብራው ስትሄድ፣ ቦታው የእኔ ነው ብዬ ነበር። ለወጉ ያህል «ጌታ የመረጣት ትሁን» እላለሁ እንጂ፣ ጌታ ከእኔ ሌላ ማንን ሊመርጥ እንደሚችል አይታየኝም። ሚዛን ባለችው አጥቢያችን ጥቅስ ከነምዕራፉ የምጠራው እኔ ነኝ። በጥናት ላይ መሪዋ ስትደናገር ከመቀመጫዬ ሆኜ የማቃናትም እኔው ነበርኩ። ማጂ ብርድ ላይ ያደገ ሰው ዓይነ አፋርነት አያውቅም።

እንቅፋቱ አንድ ብቻ ነበር። እኔ ሁለተኛ ሚስት ነኝ።

ባለቤቴ ሲያገባኝ በሸኮ መንገድ፣ ቡናው መሃል የምትኖር ሚስት ነበረችው። አውቄ ነው የገባሁት። ያኔ ሦስታችንም ወንጌል አናውቅም ነበር። ኋላ እሱና እሷ በአንድ ቀን፣ በአንድ ወንዝ ተጠመቁ፤ እኔ በዓመቱ ተከተልኩ። ቤተ ክርስቲያናችን እንዲህ ያለውን ቤት የምትይዝበት የራሷ መንገድ አላት። ከማመኑ በፊት ሁለት ያገባ ሰው አንዷን ፍታ አይባልም፤ ይጠመቃል፣ ይዘምራል፣ አሥራቱን ይሰጣል። ሽማግሌ ግን አይሆንም። ሐዋርያው ለወጣቱ መጋቢ በጻፈው መልእክት፣ የሚመራ ሰው የአንዲት ሚስት ባል ይሁን ብሏልና። ባለቤቴ የጸሎት ቤቱን ምሰሶ ሲሸከም ትከሻው ተልጧል፤ ማይክ ግን ነክቶ አያውቅም።

ከጊዜ በኋላ የባሎቹ ክልከላ ወደ ሚስቶቹም ተሻገረ። ተሰብስቦ የወሰነው ሰው የለም። ብቻ ከእኛ ዓይነት ቤት የመጣች ሴት ለአገልግሎት ስትጠቆም «እሷማ፣ ቤቷ...» ይባልና ዝም ይባላል። ያቺ «ቤቷ» የምትባል ነገር ስንት ጊዜ አንጀቴን እንዳሳረረችው እኔ ነኝ የማውቀው።

ስለ ጣውንቴም ልናገር፤ ደብቄ ምን አተርፋለሁ። ከእኔ ትበልጣለች፤ እትዬ እላታለሁ። ማንበብ አትችልም። ጮክ ብላ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ግን በቤንችኛ ስትጸልይ የገጠር ሴቶች ያለቅሳሉ። እኔ ስጸልይ አሜን ይላሉ፣ አሜናቸውም ቶሎ ነው። ባለቤቴ እሷ ዘንድ ሰንብቶ ሲመጣ ፊቱ ሞልቶ፣ ሸሚዙ የማገዶ ጭስ ሸቶ ይመጣል። ስልክ ስትደውልለት በቤንችኛ እየሳቀ ያወራታል። ከእኔ ጋር በአማርኛ ሲያወራ ቀበሌ ጉዳይ ሊያስፈጽም የመጣ ሰው ነው የሚመስለው። በዚህ እቀናለሁ። ስጠመቅ ይወጣል ብዬ ነበር፤ አልወጣም።

እና አንድ የገበያ ቀን ከሰዓት፣ የገጠሩም የከተማውም ሰው ለጥናት ተሰብስቦ፣ መጋቢው ያንኑ መልእክት ሲያስተምር እጄን አወጣሁ።

«መጋቢ፣ የአንዲት ሚስት ባል የሚለው ስለ ወንዱ ነው። ሴቷስ?»

«ያው ነው እህታችን፤ ቤቱ አንድ ነው።»

«ያው አይደለም። ወረድ ብሎ ስለ መበለቶች ሲናገር፣ የአንድ ባል ሚስት የነበረች ይላል። እኔ ባሌን ቆጥሬዋለሁ፤ አንድ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። መጋቢው ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀና በለሆሳስ ያስረዳኝ ጀመር። መዳን ስጦታ ነው አለ፤ ስጦታ ሲሰጥ ቤትሽ እንዴት ነው ተብሎ አይጠየቅም። መሪነት አደራ ነው፤ አደራ ሲሰጥ ግን ቤትም ጎረቤትም ይጠየቃል።

«ይጠየቃ!» አልኩ። «ቤቴን ጠይቁ፣ ጎረቤቴን ጠይቁ። ግን ባሌ ሳያምን ያገባውን እኔን አትጠይቁኝ። በመስቀል ላይ የነበረውን ወንበዴ፣ ስንት ሚስት አለህ ያለው የለም። ገነት ያስገባው ደም፣ እኔን ሴቶች ኅብረት ለማስገባት አነሰ?»

ማንም አልሳቀም። አንድ አዛውንት ሽማግሌ ብቻ፣ ይህ ከተፈቀደ ልጆቻችን ሁለት ማግባትን የባረክን ይመስላቸዋል ብለው ተቃወሙ። እውነት ለመናገር የእሳቸው ነገር ከመጋቢው ይልቅ አስጨንቆኝ ነበር። ጉዳዩ ለሽማግሌዎች ጉባኤ ተመራ። እነሱም ጾመው፣ ጸልየው፣ ተጨቃጭቀው ሲያበቁ፣ የአንድ ባል ሚስት የሆነች ሴት በባሏ ጋብቻ ምክንያት ከአገልግሎት አትከለከልም ብለው እሑድ አስነበቡ። እልልታው ቀለጠ። እኔም ነጭ ቀሚስ አሰፋሁ።

የምርጫው ዕለት ቀድሜ የተጠቆምኩት እኔ ነኝ። ከአጠገቤ የምትቀመጥ የከተማ ሴት ነች የጠቆመችኝ። ከዚያ ከኋላ አንዲት የገጠር ሴት ተነሳችና የጣውንቴን ስም ጠራች።

መጀመሪያ ተሳስታ መሰለኝ። ከዚያ ገባኝ። እሷም እኮ የአንድ ባል ሚስት ነች። የዚያው ባል! በሩን ለራሴ ስታገል ከፍቼ፣ ማን ሊገባበት እንደሚችል አንዴ እንኳ ዞር ብዬ አላየሁም። ደሜ ፈላ። ማንበብ የማትችል ሴት እንዴት ታስተምራለች ልል አፌ ድረስ መጣ፤ መጋቢው ግን ሁለታችሁም አንድ አንድ ቃል ተናገሩ አለን።

እኔ አሳምሬ ተናገርኩ። ስለ ወላዶች፣ ስለ ሕሙማን፣ ስለ ወጣት ሴቶች ትምህርት ያሰብኩትን ሁሉ ዘረዘርኩ። እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ተነሳች።

«እኔ መሪ አልሆንም» አለች። «ታናሼ ትሁን። እሷ ታውቃለች።»

ልትቀመጥ ስትል መጋቢው ሌላ የምትይው የለም ወይ አላት።

«አለ» አለች። «ባላችን ሽማግሌ አይሆንም ሲባል፣ ለእሱ ብቻ አልመሰለኝም። ጌታ ቤታችንን አልፈለገም ብዬ ነበር። ሌላውን ሰው ውስጥ አስገባ፣ እኔን ደጅ አስቀመጠኝ ብዬ ነበር። የጌታ እራት ሲመጣ አልበላም፤ ሳህኑን አሳልፋለሁ። ታናሼ ያን ቀን ስለ ወንበዴው ስትናገር ሰማሁ። ወንበዴው ከገባ፣ እኔም ገብቻለሁ አልኩ። አሁን እበላለሁ። እሷ ናት ያስገባችኝ።»

ተቀመጠች። አዳራሹ በለቅሶ ተሞላ።

ሳህኑንማ አውቀው ነበር። አጠገቤ ስትቀመጥ ኅብስቱን ሳትነካ ወደሚቀጥለው ስታሳልፍ ስንት ጊዜ አይቻታለሁ። የእኔ እጅ የነካውን ተጸይፋ ነበር የሚመስለኝ። ብድሬን ለመመለስ እኔም ቡና ለቀማ ቤቷ ስሄድ የቀቀለችልኝን ጎደሬ አልነካም ነበር። እና ያን ዕለት ያዘንኩላት እንዳይመስላችሁ። ይቺ ሴት አልፈልግም እያለች ልታሸንፈኝ ነው፣ በእኔው ክርክር ልታሸንፈኝ ነው ብዬ ተቃጠልኩ። እንደፈራሁትም ሆነ። ለእሷ እጅ ሲወጣ አዳራሹ ጫካ መሰለ። ሁሉም ዞሮ እያየኝ ስለነበር እኔም አወጣሁ፤ ባላወጣ ምን ልባል ነው?

ሳምንቱ የእኔ ስለነበር ባለቤቴ ከእኔ ጋር ነው የተመለሰው። በካፊያ ውስጥ ወደ ቤት ስንወጣ ከፊቴ ከፊቴ ይሄዳል። እኔ ዝምታ አልችልም።

«እንደማትበላ ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ድነሻል፣ ብይ አትላትም?»

ጭቃውን በጫማው እየገፋ ትንሽ ሄደ። «ምን ብዬ ልንገራት? እኔም አልበላም ነበር።»

በእኛ ጸሎት ቤት ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በሌላው ወገን ነው የሚቀመጡት። እሱ ያሳልፍ ይብላ ከወንዶቹ ትከሻ የተነሳ አይታየኝም።

«ለምን?»

«ሽማግሌ አይሆንም ያሉኝ ጊዜ ሳህኑን ስታሳልፍ ከማዶ አየኋት። እሷ ሳትበላ እንዴት እበላለሁ?»

«እኔስ? እኔ እበላ አልነበር?»

ዞር ብሎ አየኝ። ሊያስከፋኝ አስቦ እንዳልሆነ ፊቱ ላይ ያስታውቃል።

«አንቺማ ጎበዝ ነሽ» አለኝ።

ሰዉ እስከ ዛሬ በመሪነቱ የምቀና ይመስለዋል፤ ይምሰለው። መሪነቱን ብትፈልግ ትውሰደው። እነሱ ሁለቱ አንዷ ከወዲህ፣ አንዱ ከወዲያ ተቀምጠው፣ አንድ ቃል ሳይነጋገሩ ያንን ሳህን ዓመት ከዓመት አብረው ሲያሳልፉ፣ እኔ ከመሃል ሆኜ ብቻዬን እቆርስ ነበር።