ቅቤ የሚፈሩ ቢላዋዎች

በአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ቢላዋ የሚሸጠው ሰውዬ፣ ወንድሙ በስለት ስለሞተበት ቢላዋዎቹን ከመሸጡ በፊት በድንጋይ እያሸ ያደንዛቸዋል ይባላል። የሰፈሩ ሴቶች ይህን ከሰሙ ወዲህ፣ ቲማቲማቸው ሲጨፈለቅ «ምን ያድርግ፣ ሐዘኑ ነው» እያሉ ይምሩታል።

እኔ ግን ወሬው አልዋጥልኝ አለ። ሐዘንተኛ ሸሚዙን እንዲህ ምላጭ አስመስሎ አይተኩስም፤ «በዐይናችሁ እንኳ እንዳትነኩት!» እያለም ስለት አያሻሽጥም። ቢላዋዎቹ ቅቤ ሲያዩ መንገድ የሚቀይሩ ናቸው። ታዲያ ከአውራ ጣቱ በቀር ጣቶቹን ሁሉ በፕላስተር ያስጠቀለለው ምንድን ነው?

ትናንት አንዲት የምግብ ቤት ሠራተኛ የገዛችውን ቢላዋ ይዛ መጣች።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ቢላዋ ነው ማንኪያ? ሽንኩርቱ እኮ ሳቀብኝ!»

ሊገዙ የነበሩ ሁለት ሰዎች እጃቸውን ሰበሰቡ። የሰውዬው ፊት ልውጥ አለ። ቢላዋውን ተቀብሎ ስለቱን በአውራ ጣቱ ገና ከመንካቱ ደሙ ፊን አለ። ሴትዮዋ መልሳ ነጥቃው ከዘንቢሏ ባወጣችው ካሮት ላይ ብትጫነው፣ ካሮቱ ጭረት እንኳ አልወጣበትም። ሁላችንም ግራ ገብቶን ተያየን።

«በቃ ተወው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የወንድምህን ነገር ሰምቻለሁ። ነፍስ ይማር።»

«የማንን ነፍስ?» አለ ጣቱን እየጠቀለለ። «እትዬ፣ እኔ ለእናቴ አንድ ነኝ። የሞተብኝ ወንድም የለም፤ ያደነዝኩት ቢላዋም የለም። ይቆርጣል!»