የተከዜ ዓሣና የየኔታ ዳቦ

ከባሕር ዳር ስነሣ በአፌ የተናገርኩት ምክንያት አንድ ነበር፤ በልቤ የያዝኩት ሌላ። ለባለቤቴ «የኔታን ልጠይቅ ነው» አልኳት። የኔታ የአክስቴ የእትዬ አበቡ ባል ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ላስታ ውስጥ ዜማ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ካለፈው ክረምት ጀምሮ አልጋ ይዘዋል። መጠየቅስ ነበረብኝ። ግን የአክስቴ ቤት ተከዜን ቁልቁል ያያል፤ ቅዳሜውን ሁሉ ጣና ዳር ዘንግ ይዞ የሚውል ሰው ደግሞ ወንዝ አለ ሲባል አያስችለውም። ባለቤቴ ሻንጣዬን ከፍታ ብታይ ከልብሱ ይልቅ የዓሣ ማጥመጃው በዛባት።

«በሽተኛ የሚጠየቀው በመንጠቆ ነው እንዴ?» አለችኝ።

ሳቅሁ። ምነው ያኔ ባፈርኩ ኖሮ!

ከደብረ ታቦር ወዲያ

ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት የፍላቂት ገበሬ ነበሩ፤ የገዙትን አዲስ ማጭድ በጋዜጣ ጠቅልለው ታቅፈዋል። ዘንጌ መንገዱ በታጠፈ ቁጥር ጉልበታቸውን ይነካል። በመጨረሻ አላስቻላቸውም።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር አንቴና ነው?»

ኧረ ምን ልበላችሁ፣ መጠየቅ ብቻ ነበር የምጠብቀው! የዓሣ ማባበያ ሣጥኔን ጉልበቴ ላይ ከፍቼ ማስተማር ጀመርኩ። ለሐይቅ ማንኪያ የሚመስለው ከባዱ ብረት ይሆናል፤ ለወንዝ ግን ድንጋይ ሥር እንዳይወተፍ ትንሽና ቀላሉ ይመረጣል። ውኃው ሲደፈርስ የሚያብረቀርቅ ቢጫ፣ ሲጠራ ፌንጣ የሚመስል ቡናማ። ክሩም ቀጭን መሆን አለበት፤ በጠራ ውኃ ወፍራም ክር ያየ ዓሣ ዞሮ ይሄዳል። አሁን ኅዳር ገብቷል፣ ተከዜ ጠርቷል፤ ስለዚህ ቡናማው ነው የሚሠራው አልኳቸው።

ገበሬው እስከ መጨረሻው በጨዋ ደንብ አዳመጡኝ። «ለዓሣ እንዲህ ከተጨነቅህ፣ ምሽትህማ እንዴት ታድላለች!» አሉ። መኪናው በሙሉ ሳቀ።

ፍላቂት ላይ ሲወርዱ ከኪሳቸው አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ ሰጡኝ። ደጋው ላይ ገብሱ ታጭዶ ክምር በክምር ሆኗል፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ኮን ላይ ሽሮ በላሁ፤ ከጋሸና ወደ ላሊበላ በሚወስደው መንገድ ስንታጠፍ ደጋው አለቀና ሙቀቱ ቀስ እያለ መጣ። ተከዜ ከታች፣ በጥቁር ድንጋይ መካከል ቀጥኖ ሲታየኝ በሽተኛ ጠያቂ መሆኔን ፈጽሞ ረሳሁት።

አክስቴ ቤት

እትዬ አበቡ አንገቴን አቅፈው ጉንጬን እያገላበጡ ሳሙኝ። የኔታ ከትራስ ቀና ብለው መረቁኝ። ያ ማኅሌት ላይ ቤተ ክርስቲያኑን ይሞላ የነበረ ድምፅ አሁን ከአልጋው ዘልሎ አይሰማም። ከራስጌያቸው፣ ምሰሶው ላይ፣ በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ ነገር ተሰቅሏል። አየሁት፤ ምንነቱን አልጠየቅሁም። እኔ ስለ ተከዜ ነበር የማወራው። ነገ ዓሣ አብልቼ አስነሣዎታለሁ ብዬም ፎከርኩ።

«እኛ ዘንድ ዓሣ ማንም አይበላ» አሉ እትዬ አበቡ። «ይሁና፣ ደስ ካለህ ውረድ። እኔ ጠዋት ቅዳሴ ነኝ። ከሌማቱ ውስጥ ዳቦ አለልህ፣ ስንቅ ያዝ።»

ጠዋት ስነሣ እሳቸው ሄደዋል፤ የኔታ ተኝተዋል። ከሌማቱ ትኩሱን ዳቦ ወሰድኩ። ከዚያ ዓይኔ ቋጠሮው ላይ አረፈ። በጣቴ ብነካው ድርቅ ያለ ዳቦ ነው። መቼም አጥማጅ ልቡ ሌባ ነው! ትኩስ ዳቦ ለመንጠቆ አይሆንም፤ ውኃ ሲነካው ይበተናል። ደረቁ ግን ርሶ ሲታሽ እንደ ጭቃ ይጣበቃል። ሰው ሠራሾቹ ማባበያዎቼ እምቢ ቢሉ ለመጠባበቂያ ይሆነኛል አልኩና ከነጨርቁ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። የተረፈ ደረቅ ዳቦ ማን ይፈልገዋል ብዬ እኮ ነው።

ወንዙ

ለወሬ የበቃው ቡናማ ማባበያዬ ገና ሲጣል ድንጋይ ሥር ተወትፎ ቀረ። ሁለተኛውን ዓሣ ተከትሎት መጣ፣ አየው፣ ተመለሰ። ቢጫውን የሾላ ሥር በጠሰው። በሬዎቻቸውን ውኃ ሊያጠጡ የወረዱ አያ ደምሴ የሚባሉ ጎረቤት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል።

«ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነብህ?» አሉኝ።

«ይጠብቁ አያ ደምሴ፣ ገና ነው።»

ጉራዬ ስለተነካ ደረቁን ዳቦ አወጣሁ። አርሼ አሸሁት፤ በደንብ እንደተቦካ ሊጥ ልስልስ አለ። በትንሽ መንጠቆ ላይ ድብልብል አድርጌ ወደ ጥልቁ ጣልኩት። ክሩ ወዲያው ተወጠረ! ነጭ ዓሣ፣ ክንድ የሚያህል። ደገምኩ፤ ሌላ። ሠለስኩ። አያ ደምሴ ተነሥተው እጃቸውን በአፋቸው ላይ ጫኑ። ዳቦው እስኪያልቅ አጠመድኩ። የመጨረሻዋን ፍርፋሪ እንኳ ከጨርቁ አራግፌ፣ ዓሦቹን በዚያው በነጩ ጨርቅ ቋጥሬ፣ እየዘፈንኩ አቀበቱን ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ

ከደጅ ሆኜ «እትዬ፣ ድስት ይጣዱ!» ብዬ ጮህኩ። እትዬ አበቡ ወጡ። ዓይናቸው አብጧል። በእጄ የያዝኩትን አላዩም።

«ልጄ፣ ከየኔታ ራስጌ የነበረውን አላየህም?»

«ምኑን እትዬ?»

«ጸበል ጸዲቁን! በጥቅምት፣ ለይምርሐነ ክርስቶስ በዓል በእግሬ ሄጄ ያመጣሁትን። የኔታ ጠዋት ጠዋት ከእሱ ቁራሽ ሳይቀምሱ እህል በአፋቸው አይዞርም። ቤቱን ስገለብጥ ዋልኩ። እሳቸውም እስካሁን ምንም አልቀመሱ። አይጥ እንዳልል ጨርቁም የለ! በኃጢአቴ ነው፤ ቅዱሱ በኃጢአቴ ነው የሰወረብኝ።»

ቋጠሮውን ወደ ኋላዬ አዞርኩት። እውነቱን ልናገር፦ ዝም ብዬ ላልፍ ነበር። ጨርቁን አጥር ውስጥ ብወረውረው ማን ያውቅብኛል? የዓሣው ውኃ በጣቶቼ መካከል እየተንጠባጠበ ቆምኩ። ያን ጊዜ የየኔታ ድምፅ ከውስጥ መጣ።

«ተይ አበቡ፣ አታልቅሺ። የእኔ ቀን ደርሶ ይሆናል። በረከቱን ያነሣው ለዚያ ነው።»

ገብቼ ከአልጋቸው ሥር ተንበረከክሁና ቋጠሮውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ጨርቁን ሲያዩት እትዬ አበቡ ደረታቸውን መቱ። «እኔ ነኝ የኔታ» አልኩ፤ «የተረፈ ዳቦ መስሎኝ…» መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የኔታ ከትራሳቸው ቀና አሉ።

«ዓሣው በላው?»

«አዎ የኔታ።»

«ሁሉንም?»

«ፍርፋሪ አልቀረም።»

«እንግዲያ በረከቱ የት ሄደ? እዚያው ውስጥ ነው» አሉና ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «አበቡ፣ አብስዪልኝ። ጌታችንም ከትንሣኤው በኋላ ዓሣ በልቷል። እኔ ደግሞ ርቦኛል።»

እትዬ አበቡ በኖሩበት ዘመን ዓሣ በእጃቸው ነክተው አያውቁም፤ እኔ ሆዱን ሰንጥቄ አጠብኩ፣ እሳቸው ፊታቸውን አዙረው ወጡን ሠሩ። አጥንቱን በጣቴ እየለቀምኩ የኔታን አጎረስኳቸው። ግማሽ እንጀራ ጨረሱ። «ከታመምኩ ወዲህ እንዲህ በልቼ አላውቅም» አሉ። እኔ ግን ከዓሣው አልቀመስኩም። እትዬ አበቡ ያን ማታ አላናገሩኝም። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

መመለሻ

በማግሥቱ እትዬ አበቡ መኪና መንገድ ድረስ ሸኙኝ። ነጠላቸው ሥር ሁለት ቋጠሮ ይዘዋል።

«ይሄ ስንቅህ ነው» ብለው አንዱን ሰጡኝ። ሁለተኛውን ትንሽ ያዝ አድርገው ቆዩና፣ «ይሄ ደግሞ የዓሣው ነው። ሁለተኛ የሰው እንዳትነካበት» አሉኝ። ከከንፈራቸው ዳር ሳቅ አየሁ መሰለኝ። እግራቸውን ልስም ጎንበስ ስል ከለከሉኝ፤ «ለጥቅምት ና፤ አብረን በእግራችን እንሄዳለን» አሉኝ። እሺ አልኩ። ኮንን፣ ፍላቂትን፣ ደብረ ታቦርን ሳልፍ ለማንም ሣጥኔን አልከፈትኩም። አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ስለ ዘንጉ ቢጠይቀኝ «የሰው ነው» አልኩት።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን ለመናገር ብዙ ቃል አያሻም። ስለ መንጠቆና ስለ ማባበያ አመራረጥ የማውቀው ሁሉ ልክ ነበር፤ ደረቅ ዳቦም እንዳልኩት ጥሩ አድርጎ ይይዛል። እጄን ከመዘርጋቴ በፊት ግን ለመጠየቅ አፌን አልከፈትኩም።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ሻንጣዬን ተቀበለችኝ። ከቋጠሮው ብቅ ያለውን ዳቦ አየችው፤ አልነካችውም።

«ይሄ ዳቦ የማን ነው?» አለች።

«የዓሣው» አልኳት።

እሷ ሳቀች።