የመስታወቷ ሰፌድ

ልጅ እያለሁ፣ ወረታ ላይ፣ የምሳ ሰዓት አልወድም ነበር። አባቴ የገጠር ቄስ ስለነበሩ ለትምህርት ብለው አክስቴ ዘንድ አስቀምጠውኝ ነበር፤ አክስቴ ደግሞ ገበያ ስለምትውል ቀን ቤቱ ዝግ ነው። ሌሎቹ ልጆች ወደየቤታቸው ሲሮጡ እኔ ከትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ጥላ ሥር ቆሎዬን ብቻዬን እቆረጥማለሁ።

አንድ ቀን የሳይንስ መምህራችን ጋሽ ይልማ በመስኮት አዩኝ። ከሩቅ አገር ተመድበው የመጡ፣ ከማንም ጋር የማይውሉ ሰው ነበሩ። «ነይ ግቢ» አሉኝ። ክፍሉ ስፒሪቶና አሮጌ እንጨት ይሸታል። ጠረጴዛው ላይ ቀጫጭን መስታወቶች የተደረደሩበት ሣጥን አለ፤ ድሮ አንድ ፈረንጅ ከጣና ውሃ ቀድቶ ያዘጋጃቸው ናቸው አሉ። አንዷን በማይክሮስኮፕ አሳዩኝ። ከጠርዟ እስከ መሃሏ ጥልፍ የሞላባት፣ እንደ ብርጭቆ የጠራች ክብ ሰፌድ!

«ዲያቶም ትባላለች፤ በዓይን የማትታይ የውሃ እፅ ናት፤ የምታይው ቅርፊቷን ነው። የዚህችን ዓይነት ከርብ ወንዝም ከፎገራ ጎርፍም ስፈልግ ከረምኩ፤ አጣሁ» አሉኝ።

መስታወቷ ተሰንጥቃ ስለነበር፣ ሳትጠፋ በፎቶ ሊያስቀሯት ፈለጉ። ከዚያ ወዲህ የምሳ ሰዓት ይናፍቀኝ ጀመር። እሳቸው ካሜራቸውን ከማይክሮስኮፑ ጋር በጨርቅ ያስራሉ፤ ብርሃኑ ከፀሐይ ስለሆነ እኔ ደመና ሲመጣ እነግራቸዋለሁ። ወደ ሐሙሲት የሚሄድ የጭነት መኪና ሲያልፍ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፤ ያኔ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ውጠን እንጠብቃለን።

ፊልሙ ሊያልቅ ሲል አንድ አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን እንዳነገተ ገባ። «ጓድ መምህር፣ በር ዘግታችሁ የምታነሱት ምንድን ነው?»

ጋሽ ይልማ ወንበሩን ወደ ማይክሮስኮፑ ሳቡለት። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ።

«የማን እጅ ሥራ ነው?» አለ፣ ድምፁ ለስልሶ።

«የእግዚአብሔር» አልኩ እኔ፣ የቄስ ልጅ።

ቀና ብሎ አየኝ፤ ፈገግ ሊል የቃጣው መሰለኝ። ግን ታዞ ነው የመጣው። ካሜራውን ከፍቶ ፊልሙን ብርሃን ላይ ዘረገፈው፤ መስታወቷንም ከነሣጥኑ ይዞ ሄደ።

«ግድ የለም፤ አንቺ አይተሻታል» አሉኝ ጋሽ ይልማ። ከፋሲካ በኋላ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወሩ። ሣጥኑም አልተመለሰም።

ባለፈው ክረምት ወረታ ሄጄ ነበር። ሜዳው ሩዝ ለብሷል። የአክስቴ የልጅ ልጆች በስልካቸው ያነሱትን ሁሉ ሲያሳዩኝ፣ እኔም ስለ ሰፌዷ አወራኋቸው። «ፎቶዋስ?» አሉኝ። የለም ብላቸው ወደ ስልካቸው ተመለሱ። ጋሽ ይልማ ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። አንዳንዴ ያን ባለጠመንጃ እንኳ ባገኘው እላለሁ፤ «ታስታውሳታለህ?» ብዬ የምጠይቀው ሰው ቢኖረኝ።