ባለቤቱን ሳልጠይቅ የቀየርኩት ዲስክ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ነው። ሜልበርንም እንደ አገር ቤት ሐምሌ ክረምት ነው፤ ብርዱ ግን ይብሳል። ከዚያ ወዲህ ሥራም ቤትም ቀይሬያለሁ። ይህ ነገር ግን ከልቤ አልወጣም። ሥራውን አበላሽቼው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይወጣልኝ ነበር። እኔ ግን አሳምሬ ነው የሠራሁት።

አዲስ አበባ በኮምፒውተር ትምህርት ተመርቄ፣ አራት ዓመት ያህል የአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮችን ስጠግን ኖሬያለሁ። ወደ አውስትራሊያ የመጣሁት ባለቤቴ እዚህ ስለነበረች ነው። ዲግሪዬን የሚያይልኝ ሳጣ ላቨርተን ኖርዝ ያለ መጋዘን ገብቼ ካርቶን መደርደር ጀመርኩ። ሰሚራን ያወቅኋት እዚያ ነው። የወሎ ልጅ ናት፤ ፊትዝሮይ ካሉት የመንግሥት ፎቆች በአንዱ ከአባቷ ጋር ትኖራለች።

አንድ ቀን ብሬክ ላይ ቁጭ ብለን የአባቷ ላፕቶፕ በጣም እንደሚንቀራፈፍ፣ እስኪበራ ብቻ ሩብ ሰዓት እንደሚፈጅ ነገረችኝ። ወዲያው ገባኝ። ውስጡ ያለው የድሮው ዓይነት የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነው፤ እሱ ወጥቶ በምትኩ ኤስኤስዲ የሚባለው የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ ቢገባለት እንደ አዲስ ይሆናል።

«ሱቅ አትውሰጂው፤ እኔ እሠራዋለሁ» አልኳት።

እውነቱን ለመናገር ለእሷ አዝኜ ብቻ አልነበረም። እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ በሙያዬ ሲፈልገኝ ያየሁት የመጀመሪያው ሰው እሷ ነበረች።

እሑድ ጠዋት ቤታቸው ሄድኩ። አባቷ ጋሽ ሰይድ መስኮቱ አጠገብ ጋቢ ደርበው ተቀምጠዋል። ሰማንያ ዓመት የተጠጉ፣ ቀጭን፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ናቸው። ሊነሡልኝ ሲሉ «በአላህ አይነሡ» ብዬ አስቀመጥኳቸው። እንኳን ደኅና መጣህ ልጄ ብለው ቤተሰቤን አንድ በአንድ ጠየቁኝ።

ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ገልብጬ ዊንጮቹን መፍታት ከመጀመሬ በፊት ሰሚራን ጠየቅኳት። ውስጡ የሚፈለግ ፋይል ካለ ባክአፕ ላድርግልሽ አልኳት።

«ምንም የለውም፤ ዩቲዩብ ነው የሚያዩበት። ሁሉንም ዲሊት አድርገው» አለችኝ።

የሙያው የመጀመሪያ ሕግ ማንም ምንም ቢልህ ራስህ ከፍተህ እይ ነው። ላፕቶፑ እስኪበራ ግን ሩብ ሰዓት መጠበቅ ነበረብኝ። አልጠበቅኩም። ጋሽ ሰይድ ከእኛ ሁለት እርምጃ ርቀው ተቀምጠዋል። እኔና ሰሚራ ስለ እሳቸው ዕቃ ስናወራ ንግግራችን ግማሹ እንግሊዝኛ ነበር። ቀና ብለው አይተውናል፤ አንድ ነገር ሊሉ ፈልገው የተዉት ይመስለኛል። ወይም ይህን በኋላ አእምሮዬ ጨምሮበት ይሆናል፤ አላውቅም።

ሥራው እንዳማረ ሄደ። ዊንጮቹን እንዳይደባለቁብኝ ወረቀት ላይ በየቦታቸው ደረደርኩ። የጀርባውን ክዳን ፈልቅቄ መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ነቀልኩ። አሮጌውን ዲስክ አውጥቼ አዲሱን ገጠምኩ፤ ከያዝኩት ፍላሽ ላይ ዊንዶውስ ጫንኩበት። ሲበራ ሰሚራ በስልኳ ሰዓት ያዘች። አሥራ ሁለት ሰከንድ። በሳቅ ፈነዳች፤ ጋሽ ሰይድም ከእሷ ጋር ሳቁ። ምሳ አብልተው ነው የሸኙኝ።

አሮጌውን ዲስክ ይዤው ሄድኩ። የባንክ መረጃ ሊኖርበት ይችላል፣ እንዲሁ አይጣልም ብዬ ነበር። ሰኞ መጋዘኑ ውስጥ ከጥገና ክፍል ድሪል ተውሼ ሦስት ቦታ በሳሁት። አጠገቤ ለነበሩት የሥራ ባልደረቦቼ ሌባ ከተጣለ ዲስክ ላይ ምን ምን ማውጣት እንደሚችል እንደ መምህር አብራራሁላቸው። ያን ዕለት ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ዲስኩን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ወደሚቀበሉበት ቦታ እስክወስደው መጋዘኑ ያለችኝ የዕቃ ማስቀመጫ፣ ሎከሬ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ሐሙስ ዕለት ሰሚራ ካርቶን በምደረድርበት መጣች። ፊቷ ልክ አልነበረም። አባቷ ከማክሰኞ ጀምሮ ላፕቶፑን ከፍተው «ጽሑፌ የት ሄደ?» እያሉ መቀመጫ እንዳጡ ነገረችኝ።

የምን ጽሑፍ እንደሆነ እሷም የሰማችው ያኔ ነው። በመንደራቸው አንድ ሼህ የገጠሙት ረጅም መንዙማ ነበረ። ከሼሁ ወደ ጋሽ ሰይድ አያት፣ ከአያት ወደ አባት በቃል ወርዶ እሳቸው ጋ ደርሷል። በወረቀትም በካሴትም የለም። አብረዋቸው ይሉት የነበሩት ሁሉ አልቀዋል። ሐኪም የመርሳት በሽታ እንደጀመራቸው በነገራቸው ሰሞን እሱን መጻፍ ጀመሩ። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ እስክሪብቶ ስለማይጨብጥ፣ መስጊድ የሚያውቁትን ሰው የአማርኛ ፊደል አስጭነው፣ በአንድ ጣት አንድ አንድ ፊደል እየፈለጉ ሁለት ዓመት ጽፈዋል። የሚጽፉት ሰሚራ ሥራ ስትሄድ ነው። ሲያልቅ ሊያሳዩአት ነበር።

«ዲስኩ አንተ ጋ አለ አይደል?» አለችኝ።

ወደ ሎከሬ ወሰድኳት። ዲስኩን ሳነሣው ውስጡ ተንኳኳ። የላፕቶፕ ዲስክ ውስጡ ብዙ ጊዜ መስታወት ነው፤ ሲበሱት ይደቅቃል። ይህን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ሰሚራ ቀዳዳዎቹን በጣቷ ነካካቻቸው፤ ከዚያ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ ከተማ መሀል የጠፋ መረጃ የሚያወጡ ሰዎች ጋ ወሰድኩት። የተቀበለችኝ ሴትዮ ገና ጆሮዋ አጠገብ ነቅነቅ እንዳደረገችው አስቀመጠችው። ማን ነው እንዲህ ያደረገው ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ነኝ አልኳት። አዝናለሁ ብላ ዲስኩን በሁለት እጇ መለሰችልኝ።

እሑድ ጋሽ ሰይድ ፊት ቀረብኩ። ሰሚራ እኔ ልንገራቸው ብላ ነበር፤ እምቢ አልኩ።

«ጋሼ፣ ጽሑፍዎ ጠፍቷል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ከመስኮቱ ዞረው አዩኝ።

«የዚያን ቀን እዚሁ ተቀምጬ አልነበረም?»

«ነበሩ።»

«ታዲያ እኔን ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

ከዚያ በላይ አልተናገሩኝም። ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠርዝ ጠራረጉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ይነግሩኛል፣ እኔ እጽፋለሁ ብዬ ለመንኳቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ መሄድ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ቀን ሰባት ስንኝ አሉልኝ፤ በሁለተኛው ሦስት። ከዚያ ዜማው ብቻ ይመጣል፤ ቃሉ የለም። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሰውነታቸውን እያወዛወዙ ያንጎራጉራሉ፤ ቃሉ መግባት ያለበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣሉ። እዚያው ቦታ ይቆማሉ። አንድ ቅዳሜ እንደዚህ ሲደክሙ ቆዩና «ከዚህ በኋላ ያለውን ጽፌዋለሁ እኮ፤ እዚያ ላይ ከፍተህ እየው» ብለው ላፕቶፑን አሳዩኝ።

መጥፋቱን ረስተውታል። እንደገና ነገርኳቸው። ልክ አሁን እንደሰሙት ሁሉ አለቀሱ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንኑ ጠየቁኝ፤ ያንኑ ነገርኳቸው፤ አሁንም እንደ አዲስ አለቀሱ። ሰሚራ እስከ ሊፍቱ ሸኝታኝ፣ ሁለተኛ እንዳትነግራቸው ብላ ለመነችኝ። እኔ ነኝ ምንም የለውም ያልኩህ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አለች። የእሷ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። እሷ የኮምፒውተር ሰው አይደለችም።

በቀጣዩ ቅዳሜ ስሄድ ጋሽ ሰይድ ገና ከመቀመጤ በጥያቄ ያዙኝ።

«ያ መንዙማ ደኅና ነው?»

ሰሚራ የኩሽናው በር ላይ ቆማለች።

«ደኅና ነው ጋሼ። ሁሉም አለ» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልኝ። እጅህ ይባረክ፣ ሙያህ ይባረክ፣ የአባቶቼን አደራ ያቆየህልኝ ልጅ አሉኝ። እኔም አሜን፣ አሜን አልኩ።

አሁን የምሠራው ዲር ፓርክ የሚባል ሌላ ሰፈር ነው፤ ከሰሚራ ጋር የምንገናኘው እነሱ ቤት ስሄድ ብቻ ነው፤ ስንገናኝም ብዙ አናወራም። የሰው ኮምፒውተር መክፈት ትቻለሁ፤ ሲጠይቁኝ አላውቅበትም እላለሁ። ጋሽ ሰይድ ስሜን ረስተውታል። መንዙማውን ያቆየሁላቸው ሰው መሆኔን ግን አልረሱም፤ በሄድኩ ቁጥር ያንኑ ጠይቀውኝ፣ ያንኑ ውሸት ሰምተው፣ ያንኑ ምርቃት ይመርቁኛል። ቢረግሙኝ ይቀለኝ ነበር።