ለትዕዛዙ እጅ የሚመጥን ዘንግ

ዳንግላ ገበያ ገብታችሁ «ለዝንብ ልብስ የሚሰፋው ልብስ ሰፊ የት ነው?» ብትሉ የትዕዛዙን ሱቅ ያሳዩአችኋል። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። የአውራ ዶሮ ላባ በቀጭን ክር መንጠቆ ላይ ይጠመጥምና ዝንብ ያስመስለዋል፤ ግልገል አባይ ላይ ይወረውረዋል፤ ነጭ አሳም እውነተኛ ዝንብ መስሎት ይጎርሰዋል። ትል ሰክቶ ድንጋይ ላይ የሚቀመጠውን ሁሉ «ይሄ አሳ መለመን ነው እንጂ ማጥመድ አይደለም» እያለ ያሽሟጥጥ ነበር። ጥበቡን ያስተማረው በልጅነቱ የውኃ ጉድጓድ ሊያስቆፍር መጥቶ ቤታቸውን የተከራየ ፈረንጅ ነው። ሲሄድም የማጥመጃ ዘንጉንና ክሩ የሚጠቀለልበትን ማጠንጠኛ ትቶለት ሄደ። እኔ ጎረቤቱ ነኝ፤ ብስክሌት እጠግናለሁ፤ አብረን ነው ያደግነው። አሳ አልበላም፤ ወንዝ ዳር መቀመጥም ያሰለቸኛል፤ ቢሆንም አብሬው እወርድ ነበር።

አምና በጥቅምት ከወንዝ ሲመለስ የተሳፈረባት ባጃጅ ተገለበጠች። ዘንጉ ተሰባበረ፤ ማጠንጠኛው ተጨፈለቀ፤ የትዕዛዙም ቀኝ ክንድ ከክርኑ በታች ተሰበረ። ሆስፒታል ጀሶ ሊያደርጉለት ሲሉ «ጀሶ ሥጋ ያበሰብሳል» ብሎ ተነሥቶ ወጣ። እኛ አገር አጥንት የወጌሻ ነው። አባቱን ያሸ ወጌሻ ገጠር ነበርና እሱ ዘንድ ሄደ። ወጌሻው ክንዱን በቀርከሃ ስንጣሪ ከብቦ በጨርቅ ጠፍንጎ አሰረው። ጣቶቹ አበጡ፤ ቀጥሎ ጠቆሩ። ሚስቱ ይመኙሽ «ትንሽ ላላላህ» እያለች ስትለምነው «ካላመመ አይድንም» ይላታል። ወንድነት የሚሉት ይህን ከሆነ ይቅርብን። በመጨረሻ እያቃሰተ ሆስፒታል ስናደርሰው እጁ ከመቆረጥ ተረፈ፤ ጣቶቹ ግን ወደ ውስጥ ተቆልምመው ቀሩ። ሐኪሙ እኔና ይመኙሽ በቆምንበት «ጅማቱ ሞቷል፤ ከእንግዲህ አይመለስም» አለው። ትዕዛዙ «እስቲ ዘንግ ልያዝበትና እናያለን» ብሎ መለሰለት።

ከዚያ ወዲህ ኑሮው ሁሉ በዚህች ቃል ላይ ተንጠለጠለ። ዘንግ የያዘ እጅ መቀስ ይይዛል፤ መቀስ ከያዘ ደግሞ ሱቁ ይከፈታል፤ የእሱ ስሌት ይህ ነበር። ይመኙሽ በስፌት መኪናው የተቀደደ ሱሪ ትጠግናለች፤ አዲስ ልብስ መቁረጥ ግን አታውቅበትም። አስተምረኝ ስትለው «ምን አስቸኮለሽ? ዘንጉ ይገኝ ብቻ» ይላታል። እሷም ዝም ትላለች። ዝምታዋ ያናድደኝ ነበር፤ የእኔም ከእሷ አይሻልም።

መጀመሪያ የመጣው ዘንግ አዲስ አበባ በሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር በኩል ነው፤ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከነማጠንጠኛው። ትዕዛዙ እጀታው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አየና ፊቱ ጠቆረ።

«ስምንት ቁጥር ነው። የእኔ አምስት ነበር። ይሄ ለትልልቅ አሳ ነው።»

«ቢበልጥ ምን አለበት?» አልኩት።

«ዘንግና ማጠንጠኛ እንደ ባልና ሚስት ናቸው፤ ካልተመዛዘኑ ቤቱ ይናወጣል። ማጠንጠኛው ከከበደ ዘንጉ ወደ ኋላ ይጎተታል፤ ዘንጉ ከከበደ ጫፉ ይደፋል። የሚቀጣው ክንድ ነው።»

ይህን ብሎ ዘንጉን ወደ ቀኝ እጁ አዛወረው። ወዲያው ወለሉ ላይ ወደቀ። «አየህ፣ ከባድ ነው» አለኝ። አዎ፣ አየሁ።

«በግራህ ብትሞክረውስ?»

«ግራዬ ቢወረውር ክሩን ማን ይስባል? ይሄ በአንድ እጅ የሚሆን ነገር አይደለም።»

ተዘግቶ የከረመው መንገድ በተከፈተ ቀን በሚኒባስ እንጅባራ ሄድን። እዚያ መንገድ ዳር የቀርከሃ ወንበርና ቅርጫት የሚሠሩ አያ ባምላክ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። ትዕዛዙ በአዊኛ አጫወታቸው፤ ቀላል፣ ቀጭን፣ የማይጣመም ዘንግ እንደሚፈልግ ነገራቸው። እሳቸውም ቀኝ እጁን ለሰላምታ እንደያዙት ሳይለቁ ቆዩና ወደ እኔ ዞረው አማርኛ ጀመሩ።

«ዘንድሮ የበቀለ ቀርከሃ ይጣመማል፤ ያረጀ ይሰነጠቃል። ሦስተኛ ዓመቱን የያዘ ነው የሚሆነው። እሱንም ጨረቃ ስትጠፋ ካልቆረጡት ነቀዝ ይበላዋል።»

«እንጠብቃለን። ብቻ እርስዎ ቀላሉን ይምረጡልኝ» አለ ትዕዛዙ።

ጨረቃ እስክትጠፋ ጠበቅን። ከተቆረጠ በኋላ ደግሞ እስኪደርቅ ጠበቅን። ትዕዛዙ ያን ጊዜ ሁሉ ቅቤ እየቀባ ጣቶቹን ያሻል፤ «ዛሬ ትንሿ ተንቀሳቀሰች» እያለ ይጠራኛል። ሄጄ አያለሁ። አልተንቀሳቀሰችም። ቀርከሃው እንጅባራ ሲደርቅ ክንዱም እዚህ አብሮ እየደረቀ፣ እየሰለለ ነበር።

የማጠንጠኛው ሥራ የእኔ ሆነ። ከብረት የሠራሁት ከበደው። ከአሮጌ የአልሙኒየም ድስት ክዳን ቆርጬ ሌላ ሠራሁ። «ጥሩ ነው፤ ግን ብትበሳሳው ይቀል ነበር» አለኝ። በሳሳሁት። በማግስቱ መጥቶ «ትንሽ ጨምር» አለኝ። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፤ አውቃለሁ። ነገ እነግረዋለሁ እላለሁ፤ ሲነጋ ግን ያን በደስታ የፈካ ፊቱን ይዞ በሬ ላይ ይቆማል፤ እኔም መሰርሰሪያዬን አነሣለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ዘንጉ ደረሰና ወንዝ ወረድን። ማጠንጠኛውን ገጥሞ ዘንጉን በግራ እጁ ጣት ላይ አጋደመው። ወዲያም ወዲህም አላለም።

«እንዲህ የተመዛዘነ ዘንግ ይዤ አላውቅም። የፈረንጁም እንዲህ አልነበረም» አለ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እኔ ወደ ውኃው ዞርኩ።

የተቆለመሙትን ጣቶች በግራ እጁ አንድ በአንድ ከፍቶ እጀታው ላይ አሳረፋቸውና ክንዱን ወደ ኋላ አነሣ። ዘንጉ ከኋላው ሣር ላይ ወደቀ። አንሥቼ ሰጠሁት። እንደገና ወደቀ።

«ማጠንጠኛው ነው። ፍታልኝ።»

ፈታሁት። ባዶውን ቀርከሃ ያዘ። ከሸምበቆ አይከብድም፤ ሕፃን ይጫወትበታል። እሱንም መያዝ አልቻለም። እግሩ ሥር ሲወድቅ አንሣልኝ አላለኝም፤ እኔም አላነሣሁም።

ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ነጭ አሳዎች ከፊታችን ብቅ ጥልቅ እያሉ ዝንብ ይለቅማሉ። ለመወርወር የተመቸ ቀን ነበር።

«ደጀን፣ ከዚህ የቀለለ ዘንግ ይገኛል?» አለኝ።

«አይገኝም።»

«ታውቅ ነበር?»

«ሐኪሙ ሲናገር አብሬህ ነበርኩ።»

«እሱን አይደለም የምልህ። አምነኸው ነበር ወይ?»

«አዎ።»

«ይመኙሽስ?»

«እሷም።»

«አያ ባምላክስ?»

«እጅህን ሲይዙ ያወቁ ይመስለኛል።»

ቢጮህብኝ፣ ቢሰድበኝ ደስ ባለኝ ነበር። ድምፁ ግን ዝቅ ያለ ነበር።

«ታዲያ ከእኔ ጋር ዘንግ ስትመርጡ የከረማችሁት ምን ብላችሁ ነው?»

ስለምንወድህ ነው ልለው አሰብኩ፤ አፌ ላይ ሲደርስ ነውር መሰለኝ። ደስ ብሎህ ስለነበር ነው ልለውም አሰብኩ፤ እሱ ደግሞ ከመጀመሪያው የባሰ ሆነብኝ።

ሲነሣ ቀኝ እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ለመክተት ታገለ፤ ጣቶቹ ጨርቁን እየያዙ አላስገባ አሉት። እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም እንዲያግዘው አይፈቅድም ነበር፤ ይመኙሽ ቁልፍ ልቆልፍልህ ብትለው እንኳ ይቆጣል። ተጠግቼ እጁን ያዝኩና ኪሱ ውስጥ አስገባሁለት። ትንሽ ልጅ ሲያለብሱት እንደሚቆም ቆሞ ጠበቀኝ። ከዚያ ቀድሞኝ ወደ ቤት መንገድ ጀመረ።